ጋዙ የት ሄደ?

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፀሐዩ ሲበረታ፣ በአዲስ አበባ ከላንቻ እስከ በቅሎ ቤት፣ ወዲያም እስከ ቄራ ባሉ ጋራዦች አንድ ዓይነት ንግግር ይደጋገማል። «ኤሲው አልቀዘቅዝ አለኝ» ይላል ባለመኪናው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ፣ የቫልቩን ክዳን ፈትቶ ጌጁን ይሰካና «ጋዙ አልቋል፤ ይሞላ» ብሎ ይመልሳል። ብዙም ሳይቆይ ከዳሽቦርዱ ቀዝቃዛ አየር ይወጣል፤ ሒሳብ ተከፍሎ በምስጋና ይለያያሉ። አንድ ጥያቄ ግን ሳይነሣ ይቀራል። የቀድሞው ጋዝ የት ሄደ?

ጥያቄው የመካኒክ ብቻ ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን የሃይማኖት መምህራንና ፈላስፎች ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የተከራከሩበት ጉዳይ ውስጥ ያስገባል፦ ሰው ሊያውቀው ይችል የነበረውን ነገር ባለማወቁ ንጹሕ ይሆናል ወይ?

ቤንዚን ይነድዳል፤ የሞተር ዘይት ያረጃል፤ የፍሬን ሸራ ተበልቶ ያልቃል። የኤሲ ጋዝ ግን እየተሠራበት አያልቅም። ኮምፕሬሰሩ ጨምቆ ያግለዋል፤ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ወደ ውጭ አውጥቶ ፈሳሽ ያደርገዋል፤ በኤክስፓንሽን ቫልቩ ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ግፊቱ ይወርዳል፤ ከዚያም ዳሽቦርዱ ሥር ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ እየተነነ የመኪናውን ሙቀት ይመጥጣል። ተመልሶ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይገባል፤ ዑደቱ ዝግ ነው። በጎማ ቱቦዎቹ በኩል በዓመት ጥቂት ግራም ሾልኮ ሊወጣ ይችላል። በአንድ ዓመት ውስጥ ባዶውን የቀረ ኤሲ ግን የሆነ ቦታ ላይ ተበስቷል። «ጋዙ አልቋል» በተባለበት ሰዓት ምርመራው ገና አልተጀመረም።

የአዲስ አበባ መኪኖች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ብዙ ሰው መስኮት ከፍቶ ይነዳል፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ኤሲውን ለወራት አይነካውም። ኮምፕሬሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚዞረው ከጋዙ ጋር ነው። ካልዞረ የዘንጉ ሲል ይደርቃል፤ የደረቀ ሲል ደግሞ ያስተነፍሳል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ኤሲውን ማብራት፣ በክረምትም ቢሆን፣ ከብዙ ወጪ ያድናል። ሌላው ችግር ከመንገድ ይመጣል፦ ኮንደንሰሩ በጠጠር ይመታል፣ ኦሪንጎቹ ደርቀው ይሰነጠቃሉ፣ ኢቫፖሬተሩ በእርጥበትና በአቧራ ይበላል። ከሁሉ የከፋው ይኸኛው ነው፤ እሱን ለማየት ዳሽቦርዱ መውረድ አለበት።

ጠንቃቃ ባለሙያ ወደ ጋዙ ሲሊንደር ከመሄዱ በፊት በዓይኑ ይጀምራል። ፋኑ ይዞራል ወይ? ክላቹ ይይዛል ወይ? ፊውዙ ደኅና ነው? የካቢን ፊልተሩ በአቧራ ተዘግቶ ይሆን? አለመቀዝቀዝ ሁሉ የጋዝ ጉዳይ አይደለም። ቀጥሎ የቱቦዎቹን መጋጠሚያ በእጁ እየዳሰሰ ቅባት የያዘ አቧራ ይፈልጋል፤ ጋዙ ሲወጣ ዘይቱንም ስለሚያወጣ ቦታው ላይ ጥቁር እድፍ ይቀራል። እዚያ ላይ የሳሙና ውሃ በብሩሽ ይቀባል። ትንሿ ቀዳዳ ካለች አረፋው በዝግታ ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ እንደገና ያብጣል። መሣሪያው ይኸው ነው፦ አንድ ጣሳ፣ ትንሽ ሳሙናና ትዕግሥት። ቀዳዳው በዚህ ካልተገኘ በናይትሮጅን ግፊት መፈተን፣ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም ማስገባት ይቻላል።

ጌጁ ራሱ ማስተዋልን ይጠይቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲነበብ፣ ውስጡ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ቁጥሩ የሚናገረው የዕለቱን ሙቀት እንጂ የጋዙን መጠን አይደለም፤ ግማሹ የወጣበትና ሙሉው መኪና አንድ ዓይነት ያነብባሉ። ትክክለኛው መንገድ ያለውን ጋዝ በመሣሪያ ሰብስቦ መመዘንና ኮፈኑ ሥር ከተለጠፈው ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው። በከፍታ አገር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። በባሕር ዳርቻ ቫኪዩም ፓምፕ ተሰክቶ አየሩ ሲመጠጥ ጌጁ ወደ 29 ኢንች ሜርኩሪ እንዲደርስ የአምራቾች መመሪያ ያዝዛል። በካዛንቺስ አየር ግን ጥሩ ፓምፕም ከ22 ተኩል ብዙ አያልፍም፤ የከተማዋ የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ብቻ ነውና። ይህን የማያውቅ ሰው ደኅናውን ያፈስሳል ብሎ ይፈርዳል። የሚያውቀው ደግሞ ቫልቩን ዘግቶ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል፤ ቀስቱ ከተነሣበት ካልተንቀሳቀሰ ይሞላል፣ ከተንቀሳቀሰ ፍለጋውን ይቀጥላል።

ያቺ ግማሽ ሰዓት ናት የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ያረፈባት።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ስለ ተዋጊ በሬ የተደነገገ ሕግ አለ። በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው። ተዋጊነቱ አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ከሆነ ግን ባለቤቱም በነፍሱ ይጠየቃል። በሬው ያው ነው፣ ሟቹም ያው ነው፤ ፍርዱን የለወጠው ለባለቤቱ መነገሩ ነው። ከዚያ በፊት በባቢሎን በወጣው የሐሙራቢ ሕግም ይኸው ልዩነት ተቀምጧል። የጥንት ሰዎች በአንድ ግቢ ውስጥ ያለ በሬን አስበው የጻፉት ሕግ፣ ጥፋት ከመቼ ጀምሮ ጥፋት እንደሚሆን በግልጽ ያስቀምጣል፦ ምልክቱ ከታየበት ሰዓት።

ወደ ጋራዡ ሲመጣ፣ የመጀመሪያው ሙሌት ይቅርታ ሊደረግለት ይችላል። ባለመኪናው ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ነው፤ ከእሱ በፊት የነበረው ሰው ምን እንዳደረገ አያውቅም። በሦስተኛው ወር «እንደገና ሞቀብኝ» ብሎ ሲመለስ ግን የመመለሱ ነገር ራሱ በሬው ተዋጊ ነው ብሎ እንደመናገር ነው። ከዚህ በኋላ «አላወቅሁም» የሚል ሰው፣ መካኒክም ሆነ ባለመኪና፣ ያላወቀው ማወቅ ስላልፈለገ ነው። አርስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር ሦስተኛ መጽሐፉ ሰክሮ ስላጠፋ ሰው ሲናገር፣ ያላወቀበትን ሁኔታ ራሱ ስላመጣው ቅጣቱ እጥፍ የሚሆንበትን ሕግ ያነሣል። የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም ቸልተኝነትን ሲተረጉም ማወቅ እየቻለ ወይም እየተገባው ያላወቀውን ሰው ይጨምራል። ሕጉ እንዲህ ያለውን ሰው የሚቀጣው በቸልተኝነት እንደሚያስቀጣ በግልጽ በተደነገገበት ጉዳይ ላይ ብቻ ነው። ሃሳቡ ግን ከፍርድ ቤት ውጭም ይሠራል። የኦርቶዶክስ ምእመን በጸሎቱ በማወቅም ባለማወቅም ለሠራው ይቅርታ ሲለምን፣ አለማወቅም የሚጠየቁበት ነገር መሆኑን አምኖ ነው። በእስልምና ሕግ ደግሞ የእጅ ባለሙያ ለተረከበው ዕቃ ተጠያቂ ነው የሚለው አቋም ከኸሊፋው ዓሊ ጀምሮ ይጠቀሳል፤ የተለያዩት የሕግ ትምህርት ቤቶች በስፋቱ ላይ ይከራከሩ እንጂ ጉዳዩን ችላ አላሉትም።

ከበሬው ሕግ ጋር አብሮ ሊታይ የሚገባው ሰው የዚህ ዓይነቱ ጋዝ አባት ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቶማስ ሚድግሌይ ሁለት ነገሮችን ለዓለም ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1921 እርሳስ ያለበት ቤንዚን፤ በ1920ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር ፍሪኦን የተባለውን የማቀዝቀዣ ጋዝ። በ1930 በኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ጋዙን በአፉ ስቦ ሻማ ላይ ተንፍሶ አጠፋው፤ እንደማይመርዝና እንደማይነድድ ለማሳየት። በወቅቱ ይህ ታላቅ በረከት ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ፍሪጆች የሚሠሩባቸው ጋዞች ሲያፈስሱ ሰው ይገድሉ ነበርና። ጋዙ ወደ ላይ ወጥቶ የኦዞንን ንጣፍ እንደሚበላ ማሪዮ ሞሊናና ሸርዉድ ሮውላንድ ያሳዩት በ1974 ነው፤ ሚድግሌይ ከሞተ ሠላሳ ዓመት በኋላ። በዚህኛው ሥራው ያልተነገረው ባለ በሬ ነው፤ በዘመኑ ማንም ሊያውቀው አይችልም ነበር። በእርሳሱ ግን እንዲህ አይባልም። በ1923 እሱ ራሱ በእርሳስ ተመርዞ ለማገገም ረጅም ዕረፍት ወስዷል። በ1924 በኒው ጀርሲ ፋብሪካ አምስት ሠራተኞች ሞተዋል። በዚያው ዓመት ግን ጋዜጠኞች ፊት ፈሳሹን እጁ ላይ አፍስሶ፣ ትነቱን ስቦ ምንም አያደርግም አለ። አንድ ሰው፣ አንድ አእምሮ፣ ሁለት ጉዳት። ታሪክ ሁለቱን በአንድ ሚዛን መዝኖ «ዓለምን የጎዳ ሰው» ብሎ ይጠራዋል፤ ይህ ፍርድ ግን ሚዛን የጎደለው ነው። በእርሳሱ ላይ አስቀድሞ ተነግሮታል፣ በፍሪኦኑ ላይ አልተነገረውም።

ዛሬ መኪና ላይ ጋዝ የሚሞላ ሰው ደግሞ ከተነገራቸው ወገን ነው። ኦዞንን የሚበላውን ጋዝ የተካው አር-134ኤ ኦዞንን አይነካም፤ ሙቀትን በማመቅ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በመቶ ዓመት ስሌት 1,430 እጥፍ ይበረታል። ግማሽ ኪሎ ጋዝ ከአንድ መኪና ሲያመልጥ ከሰባት መቶ ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደመልቀቅ ነው፤ ይኸውም ከ300 ሊትር በላይ ቤንዚን፣ የአንዲት ቪትዝ ታንክ ሰባት ጊዜ ያህል ተሞልቶ ተቃጥሎ የሚወጣው ጢስ ማለት ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ የሚያስሞላ ሰው ሒሳቡን ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። የምድር አየር ሰፊ ነው፤ የአንዲት መኪና ጋዝ ማንን ገደለ? ፈላስፋው ዋልተር ሲኖት-አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ድርሰት ስለ መኪና በተነሣ ምሳሌ ይህንኑ ተከራክሯል፦ አንድ ሰው በእሑድ ቀን ብዙ ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ለመዝናናት ቢነዳ፣ በእሱ ጉዞ ምክንያት የተጎዳ አንድም ሰው ማሳየት አይቻልም፤ ስለዚህ ግዴታው የግለሰቡ ሳይሆን የመንግሥታት ነው። ዴሬክ ፓርፊት ደግሞ በ1984 በተቃራኒው አስቦት ነበር። አንድ ሺህ አሠቃዮች እያንዳንዳቸው ቁልፍ ይጫናሉ፤ የአንዱ ቁልፍ በአንዱ እስረኛ ላይ የሚጨምረው ሕመም አይታወቅም፤ ሺው ሲደመር ግን ሥቃዩ አይቻልም። ማንም ለብቻው አልጎዳም ብሎ መናገር ይችል ይሆናል፤ እስረኞቹ ግን ተሠቃይተዋል።

ከሁለቱ የፓርፊት ይበልጥ ያሳምናል፤ ምክንያቱም የሚጎዱት ሰዎች በእውን አሉ። በቦረና፣ በሶማሌ ክልልና በድንበር ማዶ ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ከብት አልቆ ሕዝብ ተፈናቅሏል። በ2023 ይህን ያጠኑ ሳይንቲስቶች ድርቁ በምድር መሞቅ የተነሣ የመከሰት ዕድሉ ቢያንስ መቶ እጥፍ መጨመሩን ደርሰውበታል። ያ ሙቀት በአብዛኛው ከሀብታም አገሮች የመጣ ነው፤ ከቄራ ጋራዥ አይደለም። ይህ መባል አለበት። የሌላው ዕዳ መክበድ ግን የራስን ትንሽ ዕዳ አይሰርዝም። በተለይ ዕዳውን ለማስቀረት የሚያስፈልገው የሳሙና ውሃና ግማሽ ሰዓት ሲሆን።

ሁልጊዜ ግን ግማሽ ሰዓት አይበቃም። ከቀን ገቢው ለባለመኪናው የሚያስገባ የታክሲ ሹፌር ኢቫፖሬተሩ ተበስቷል ሲባል ዳሽቦርድ ማውረዱ ቢያንስ አንድ ቀን ሥራ ያስፈታዋል፤ ዕቃውንም ሶማሌ ተራ ወርዶ መፈለግ አለበት። እንዲህ ያለው ንግግር በጋራዥ ውስጥ እንግዳ አይደለም፦

«ጋሼ፣ ለአሁኑ ሙላልኝና በኋላ አሠራዋለሁ።»

«ልጄ፣ የምሞላልህን በሁለት ወር ያፈስሰዋል። ብርህን አልበላም። እስክታገኝ ድረስ መስኮት ክፈት።»

የመካኒኩ መልስ ጥልቅ ነው። መጠገን ካልተቻለ አለመሙላትም ሥነ ምግባራዊ ምርጫ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ይህን ምርጫ ከሚፈቅዱ ጥቂት ከተሞች አንዷ ናት። የቀትሩ ሙቀት በአብዛኛው ከ25 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ወደ አዋሽና ሎጊያ ወርዶ በጋላፊ በኩል ጂቡቲ የሚገባው ሹፌር ግን ይህ አማራጭ የለውም፤ በ40 ዲግሪ ውስጥ ድካምና እንቅልፍ መንገድ ላይ ሰው ይጨርሳሉ። ለእሱ ቅዝቃዜው የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ፍለጋውም ለእሱ ከማንም በላይ ይገባዋል፤ በረሃ መካከል ባዶ የሚሆነው የእሱ ኤሲ ነውና።

ላንቻና በቅሎ ቤት ያሉበት ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘበት ቅዱስ ቂርቆስ ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር የሚታሰበው ሐምሌ 19 ነው። ሕፃኑና እናቱ በፈላ ጋን ተጥለው፣ መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል ፍላቱን እንዳበረደላቸው ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ታኅሣሥ 19 ደግሞ በባቢሎን እቶን የተጣሉት ሠለስቱ ደቂቅ ይታሰባሉ። እሳቱ ለኢብራሂም የቀዘቀዘበት ታሪክም በቁርአን አለ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ቅዝቃዜ ምሕረት ነው፤ ከእሳት መካከል ለተጨነቀ ሰው የሚሰጥ፣ እንዲያው የሚሰጥ። የሰው መሣሪያ እንዲህ አይችልም። ኤሲ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ ሙቀትን ከአንድ ቦታ አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይወስዳል። ኮንደንሰሩ ፊት እጁን ያስጠጋ ሰው ከመኪናው ውስጥ የወጣው ሙቀት እዚያው መንገዱ ላይ ሲፈስስ ይሰማዋል። ጋዙ ሲያመልጥ ደግሞ ሙቀቱ ከመንገዱ አልፎ ወደማይታወቅ ሰው ይሄዳል። ሰው ተአምር መሥራት ስለማይችል፣ ለቅዝቃዜው የሚከፈለውን ዋጋ ማን እንደሚከፍለው የመጠየቅ ኃላፊነት አለበት።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የካሣ ጥያቄ ነው፤ እሱም ከባድ ነው። ንስሐ አባት ፊት የቀረበ ሰው የሰው ገንዘብ ወስዶ ከሆነ መልስ ይባላል። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። ለአየሩ ግን ለማን ይመለሳል? የተበደለው ሰው ስም የለውም፤ ምናልባት ገና አልተወለደም። አንድ ሰው ብቻውን ይህን ካሣ ሊከፍል አይችልም፤ አገሮች አንድ ላይ ሲቆሙ ግን ተችሏል። እ.ኤ.አ. በ1985 በአንታርክቲካ ላይ የኦዞን መሳሳት ታየ፤ በመስከረም 1987 የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ፤ ኋላም የዓለም አገሮች ሁሉ፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ ገቡበት። ሳይንቲስቶች እንደሚሉት ከዋልታዎቹ ውጭ ያለው ንጣፍ በ2040 ገደማ፣ የአንታርክቲካው በ2066 ገደማ ወደ 1980 መጠኑ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ኪጋሊ ላይ እንደ አር-134ኤ ያሉ ጋዞችን ለመቀነስ ስምምነት ተደረገ። ኢትዮጵያ ያለችበት ቡድን በ2045 የ80 በመቶ ቅነሳ ላይ መድረስ አለበት። ስምምነቱ ግን ተፈጻሚ የሚሆነው በጉባኤ አዳራሽ አይደለም። ከካዛንቺሱ የአፍሪካ አዳራሽ ብዙ ሳይርቅ፣ የመካኒኩ እጅ የድሮውን ጋዝ ወደ አየር ለመልቀቅ ቫልቩን ሲጫን ወይም መሰብሰቢያ መሣሪያውን ሲሰካ ነው።

ጉዳዩ ወደፊት እየከበደ ይሄዳል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የከተማዋ መንገዶች በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞሉ ነው። በብዙዎቹ የኤሲው ጋዝ ተሳፋሪውን ብቻ ሳይሆን ባትሪውንም ያቀዘቅዛል፤ ሲያፈስስ ባትሪው ይግላል፣ ቻርጅ ማድረጉም ይዘገያል። ኮምፕሬሰራቸው በከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሠራ በብርቱካናማ ኬብል የተገናኘ ነው፤ የተለመደው የቤንዚን መኪና ዘይት ከገባበት መከላከያውን ያበላሻል። ስለ በሬው የሚናገረው ማስጠንቀቂያ በዚህኛው ላይ መኪናው ሳይገባ ሊደርስ ይገባል፤ ሥልጠናና መሣሪያ ሳይዘረጋ መኪናውን ብቻ የሚያስገባ ሰው ከመካኒኩ በፊት ይጠየቃል።

ለመካኒኩ የሚቀረው ሥራ ቀላል ነው፤ ጥቂቶች ግን ያደርጉታል። ስንት ግራም አገኘ፣ ስንት ሞላ፣ ቀዳዳው የት ነበር፣ በምን ቀን፤ ይህን ወረቀት ላይ ጽፎ ኮፈኑ ሥር ይለጥፋል። መኪናው በሚሸጥበት ቀን ገዢው ያነብበዋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ «ዋስትና አልሰጥም» የሚለው ውሉ አይረዳውም ይላል። ወረቀቱ ተለጥፎ እያለ ሻጩ አላየሁም ሊል አይችልም፤ ገዢውም እንዲሁ።